ከጣሪያችን የተቀጠለው መብራት

አባቴ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት አጎቴ ሲ ሸድሊ ትልቁን ክፍላችንን በግድግዳ ለሁለት ከፈለው። በአራተኛው ሳምንት ከጣሪያ መብራታችን ላይ ሽቦ አስቀጥሎ በራሱ በኩል አምፖል አሰቀለ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ግድግዳው አስለቅሶኛል፤ መብራቱ ግን ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ቤቱ ከአያቴ የቀረ ነው፣ በአሮጌው የቱኒስ ከተማ። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ግቢ ዙሪያ ይኖሩ ነበር፤ ትልቁ ክፍል የአባቴ ድርሻ ነው። ጣሪያው ቀለም የተቀባ እንጨት፣ ርዝመቱ ለልጅ የሚያስሮጥ፣ ጫፉ ላይ ወደ መንገድ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያለው ክፍል ነው። አባቴ የሞተው ከዚያ መስኮት ሥር ነው። ግድግዳው ሲቆም መስኮቱና አብዛኛው ወለል ወደ አጎቴ ሄደ። ለእኛ በሩ፣ የአባቴ ቁም ሣጥንና ከጣሪያው የተንጠለጠለው መብራት ቀረልን። ግድግዳው መብራቱን የሳተው በአንድ ስንዝር ነው።

እናቴ ላላ መኑቢያ ዒዳዋን፣ የመበለት ሐዘኗን፣ ተቀምጣ ነበር። በኛ ዘንድ በአክብሮት ሲጠራ ለወንድ ሲ፣ ለሴት ላላ ይባላል። አራት ወር ከአሥር ቀን ነጭ ትለብሳለች፣ ከደጃፍ አትወጣም፣ ባዕድ ወንድ ፊት አትቀርብም። ድምፅዋም ቀንሶ ነበር። ከአባቴ ጋር እሷም በግማሽ የሞተች መሰለኝ። አጎቴም ያሰበው እንደኔው ነው፤ ልዩነታችን እሱ ሃምሳ ዓመት የሞላው መሆኑ ነው።

ያኔ ያላወቅሁት ነገር አለ። ሕጉ ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ ሴት ልጅ ትቶ የሞተን ሰው ወንድሙ አይወርሰውም። ቀድሞ ቢሆን ለአጎቴ ድርሻ ይደርሰው ነበር። ስለዚህ ውርስ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ለጎረቤት የሚናገረው ሌላ ነበር፦ "ወንድሜ ታሃር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይህን ግማሽ ከአሥር ዓመት በፊት በገዛ እጁ ሰጥቶኛል። ግድግዳውም የነበረ ነው፤ እኔ ያደስኩት ብቻ ነው።" ጎረቤት ወደ ውስጥ ገብቶ አያይም፣ ሐዘን ቤት ነው። ሊከራከረው የሚችለው ሰው አንድ ነበር፤ እሷም ነጭ ለብሳ ተቀምጣለች።

ኤሌክትሪሺያኑ ሐማዲ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ሆዳም፣ ተጫዋች፣ በመሰላል ላይ እንኳ ወሬ የማይተው ሰው ነው። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠች፤ እኔ መሀል ቆሜ መልእክት አመላልሳለሁ። በሁለቱ መካከል ሦስት እርምጃ የለም፣ እያንዳንዱን ቃል ይሰማማሉ፤ ቢሆንም ሥርዓቱ ሥርዓት ነው።

"ዱጃ፣" አለች እናቴ፣ "ያኛው አምፖል የራሱ ማብሪያ ይኖረዋል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።"

ሐማዲ የነከሰውን ካቻቪቴ ከጥርሱ አወጣ። "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ጉበቴ፣ የኔ ልጅ። ከዚህ ከቀጠልኩት ማብሪያው አንድ ነው፤ የእናንተ ሲበራ ይበራል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ለብቻው ይሁን ካሉ ከቆጣሪው አዲስ መስመር እስባለሁ። ግቢውን ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ሃያ ሜትር ሽቦ ይበላል።"

"ሃያ ሜትር!" አለ አጎቴ ከበሩ ላይ። "ለአንዲት አምፖል? መርከብ ልታበራልኝ ነው? ከዚሁ ቀጥል አልኩህ።"

"ሲ ሸድሊ፣ ማብሪያው እኮ እነሱ ጋ ነው የሚቀረው። ኋላ ሐማዲ አላለኝም እንዳይሉ።"

"እነሱ ማናቸው? የወንድሜ ሚስትና የወንድሜ ልጅ አይደሉም? ሲመሽ ያበራሉ፣ ሲተኙ ያጠፋሉ። ከኔ በቀር ማን አላቸው?"

ከዚያ እናቴ፣ "በይ ንገሪው፣" አለች፣ "ሲ ሸድሊ እውነቱን ነው። ከዚሁ ይቀጠል። ለአምፖል ብሎ አይቸገር።"

አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አላህ ይባርክሽ፣ ላላ መኑቢያ። የቤተሰብ ልጅ ማለት እንዲህ ነው።"

ሐማዲ ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። ማብሪያውን አጠፋ፣ የመብራታችንን ክዳን ፈታ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ላጠ፣ አዲሶቹን ጠመዘዘባቸው፣ በናስትሮ ጠቀለላቸው። መብሻውን ከግድግዳው አናት ላይ አድርጎ ሲያሽከረክር እርጥብ ልስን እንደ ሊጥ እየተገመሰ መሬት ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ከዚያ በግቢው ዞሮ ማዶ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት። አምፖሉ የሚያርፍበትን ክብ እንጨት ከመስቀሉ በፊት ገለበጠው፣ ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ፣ ጫፉን ላሰ። ሐማዲ ሥራውን ይፈርማል። የሰቀለው መብራት ሁሉ ከሥሩ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበታል። ሠፈሩ ሁሉ ይህን አመሉን ያውቃል፣ ይስቅበታልም።

በግድግዳው ቀዳዳ የእናቴ ድምፅ መጣ። "ዱጃ፣ ዛሬ ስንት ቀን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ።"

"ሃያ አምስት ነው፣ ላላ፣" ብሎ ሐማዲ በቀጥታ መለሰላት፣ መሰላል ላይ ያለ ሰው ሥርዓት ይረሳል። "ኦክቶበር ሃያ አምስት።"

"ጻፈው ወይ? ጫን አድርጎ ይጻፈው በይው። እርሳስ ይደበዝዛል።"

ሐማዲ ሳቀ፣ አጎቴም ሳቀ፤ እኔም እናቴ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋን ቀልድ ቀለደች ብዬ ደስ አለኝ። ሥራው ሲያልቅ ማብሪያውን ጫንኩት፤ እዚህም እዚያም በራ። እናቴ ለሐማዲ ሁለት ብሪክ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ስስ ቂጣ፣ ጠብሳ ላከችለት፤ እንቁላሉ አገጩ ላይ እየፈሰሰ ቆሞ በላ።

ከወር በኋላ በትምህርት ቤት "የማውቀው ደግ ሰው" የሚል ድርሰት ጻፉ ሲሉን፣ መብራቷን ለባሏ ወንድም ስላካፈለች እናት ጻፍሁ። አስተማሪዬ ለክፍሉ አነበበችው። ቤት ወስጄ ለእናቴ ሳነብላት አዳመጠችኝ፤ ከዚያ አንድ የፊደል ስህተት አረመችልኝ።

የአጎቴ ልጅ ዳሌንዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፀጉሬን የምታበጥርልኝ፣ ጥልፍ ያስተማረችኝ፣ እናቴ ዝም ባለችባቸው ወራት ከኔ ጋር የምትስቅልኝ እሷ ነበረች። የዘይት ነጋዴው ሀጅ ዩኒስ ለልጁ ጠይቋት ነበር። ትልቁ ክፍል የተፈለገው ለዚህ ነው፤ አጎቴ ሙሽሮቹን ባለመስኮት ክፍል ውስጥ አኖራለሁ ብሎ ቃል ሰጥቷል። ሁለቱ ውል ጸሐፊ ሼኾች ቤት ድረስ መጥተው ጋብቻውን ሲጽፉ ክፍሉም በዳሌንዳ ስም አብሮ ይጻፋል። እነዚያ ሼኾች አንዴ ከጻፉት በኋላ ያንን ወረቀት መልሶ ማስነሣት ለአንዲት መበለት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

አጎቴ ሊያስፈቅድ መጣ፤ ሐዘን ያለበት ቤት ነውና።

"ዘፈን የለም፣ ዕልልታ የለም፣" አለ። "ይጻፋል፣ ፋቲሐ ይነበባል፣ አለቀ። የታሃርን ነፍስ አላስከፋም።"

"ታሃር ዳሌንዳን እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፣" አለች እናቴ። "የመጀመሪያው የፌብሩዋሪ ሐሙስ ይሁን። ማታ፣ ፀሐይ ገብታ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ። ሐሙስ ለጋብቻ ደግ ቀን ነው።"

"አንቺ እንዳልሽ።" ራሷን ሳማት። ከአጎቴ ፊት ላይ እፎይታ ሲነበብ አይቻለሁ፤ የፍቅር መስሎኝ ነበር።

ጋብቻው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ዳሌንዳ ወደ እናቴ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። እኔ ግቢ ውስጥ ከድመቷ ጋር ነበርኩ። ስትወጣ ዓይኗ አብጧል። አጠገቤ ተንበርክካ ራሴን ሳመችኝና ሄደች።

"ለምን ታለቅሳለች?" አልኳት እናቴን።

"ሙሽሮች ያለቅሳሉ፣" አለችኝ። አመንኳት። ሌላ ሙሽራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ፀሐይ ስትገባ እናቴ ገላዋን ታጠበች፤ ከዚያ ነጩን አውልቃ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች። ፀጉሯን ስትጠቀልል በመስተዋቱ ውስጥ አየኋት፤ ከአራት ወር በኋላ ወደ ቤት የተመለሰች ሰው ትመስል ነበር። በርጩማውን ከማብሪያው ሥር አስጠግታ አቆመችኝ።

"ዱጃ ብዬ ስጣራ አጥፊው። ሁለተኛ ስጣራ አብሪው። ከዚህ እንዳትነቃነቂ።"

ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ዕልልታ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ለዳሌንዳ በመብራት ዕልል ልንልላት ነው። እንዲህ ያለ ብልህ ነገር የምታስብ እናት በሠፈሩ የለችም አልኩ። ጣቴን ማብሪያው ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ከግድግዳው ማዶ ወንዶቹ ተሰብስበዋል፤ የማየው የለም፣ የምሰማው ብቻ ነው። የሀጅ ዩኒስ ሳል። የሻይ ብርጭቆ። ከሁለቱ ውል ጸሐፊዎች አንዱ፣ ሼኽ ኸሊፋ፣ የሚጽፉትን ጮክ ብለው ያነቡታል፦ "...አባቷም ይህን ክፍል ሰጥቷታል፤ ክፍሉንም ሟች ወንድሙ ከአሥር ዓመት በፊት በሕይወቱ ሰጥቶት፣ በግድግዳ ተለይቶ በእጁ የቆየ..."

"ሰላም ለእናንተ ይሁን።" የእናቴ ድምፅ ነበር።

የሼኹ ንባብ ተቋረጠ።

"መኑቢያ!" አለ አጎቴ። "ዒዳሽ! ወንዶች ናቸው ያሉት!"

"ዒዳዬ ዛሬ ፀሐይ ስትገባ አለቀ፣ ሲ ሸድሊ። እኔ ቆጥሬዋለሁ። ሼኽ ኸሊፋ፣ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት። ዱጃ!"

አጠፋሁት። ማዶ "ኦ!" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ፤ ደስ አላቸው ብዬ ሳቅሁ።

"መብራት ሄደ!"

"የት ሄደ፣ ግቢው እያበራ!"

"ልጆች፣ ሻማ አምጡ!"

"ቆዩ፣ አልሄደም፣" አለች እናቴ በጨለማው ውስጥ፣ ረጋ ብላ። "የስምንት ዓመቷ ልጄ እጅ ላይ ነው። ማብሪያው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ዱጃ!"

አበራሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ለሙሽራ አነሰኝ፤ በራሴ ሥልጣን ሁለቴ ጨመርኩበት፣ ጠፋ በራ፣ ጠፋ በራ።

"ከጎረቤት መብራት መቀጠል ምን አለበት?" ብሎ ጮኸ አጎቴ። "ቅርብ ጊዜ ነው ያስቀጠልኩት!"

"ታዲያ አሥር ዓመት ሙሉ እዚህ በጨለማ ነው የተቀመጥከው?" አለች እናቴ።

አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳና መልሶ ዋጠው።

"የሠራው ማነው?" አሉ ሼኽ ኸሊፋ።

"ግቢ ውስጥ አምፖል እየሰቀለላችሁ ነው፤ ሲ ሸድሊ ራሱ ነው የጠራው።"

ሐማዲ ተጠራ። እግሩን እየጎተተ ሲገባ ሰማሁት። ሼኹ ግድግዳው መቼ እንደቆመ ጠየቁት። እሱም፣ "ሼኽ፣ እኔ ባለ ልጆች ሰው ነኝ፣" አለ፣ "ከሲ ሸድሊ ጋር አታጣሉኝ። እኔን ተዉኝና እንጨቱን ጠይቁት። ላላ መኑቢያ፣ ያጥፉልኝ።"

"ዱጃ!"

አጠፋሁ። መሰላል ሲጮህ፣ ብሎን ሲፈታ፣ አንድ ሰው "ሻማውን ከፍ አድርግ" ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሼኽ ኸሊፋ አነበቡ፣ ቀስ ብለው፣ ቁርኣን እንደሚያነቡ ሁሉ። "ሐማዲ ቤን ሳልህ። ኦክቶበር ሃያ አምስት፣ ስልሳ ስድስት።"

"ልስኑ እርጥብ ነበር፣" አለ ሐማዲ። "ሲ ታሃርን ከቀበርን ወር አልሞላንም ነበር። እውነቱ ይኸው ነው፤ አላህ ምስክሬ ነው።"

ከዚያ የብዕር ክዳን ሲገጠም ሰማሁ።

"ሲ ሸድሊ፣" አለ ሀጅ ዩኒስ፣ "እኔ ልጄን የማስገባው የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ከወንድም በተዘረፈ ቤት ውስጥ አይደለም። ተነሡ።"

እናቴ አብሪ አላለችኝም። መጠበቅ ሲያቅተኝ በራሴ አበራሁና ወርጄ ወደ ግቢው ሮጥሁ፤ ዳሌንዳ ደስ ብሏት እንደሆነ ለማየት። የሀጁ ሰዎች ጫማቸውን እያጠለቁ ይወጡ ነበር። የአጎቴ ሚስት ላላ ኤሲያ መሬት ላይ ተቀምጣ ጭኗን ትመታለች። ዳሌንዳ በወርቅ ክር የተጠለፈ ልብሷን ለብሳ በሴቶቹ ክፍል በር ላይ ቆማለች። አባቷን አልነበረም የምታየው። እናቴን ነበር።

ቀሚሷን ጎተትኳት። "ዳሌንዳ፣ መብራቱን አየሽው? እኔ ነኝ!"

ወደ ታች አየችኝ። "አየሁት፣ ጉበቴ፣" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለሆነው ለብዙ ዓመታት የማውቀው የአንድ ልጅ ያህል ነው። እናቴ ፍርድ ቤት አልሄደችም። በሼኹ በኩል አንድ ነገር ብቻ ላከችበት፤ ግድግዳውን ራሱ ያፍርሰው፣ ግንበኛ እንዳያመጣ። አጎቴ በሱቅ ወንበር ላይ ያረጀ ባርኔጣ ነጋዴ ነው፤ መዶሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው በዚያ ሳምንት ይመስለኛል። ሦስት ቀን ፈጀበት። እናቴ ግቢው መሀል ወንበር አውጥታ ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። ሽንብራ ትለቅማለች፣ አንዳንዴ ቀና ትላለች።

"ሲ ሸድሊ፣ አቧራው ላይ ውኃ እርጭ፤ የሟች ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።"

ይረጫል።

"ከጥጉ ቀርቷል።"

ይመለሳል። መዳፉ ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልሎት ነበር። እኔ ለአጎቴ አዘንኩለትና ውኃ ልሰጠው ስነሣ እናቴ በክንዴ ያዘችኝ። "የሠራ ሰው ራሱ ይቅዳ፣" አለችኝ። ያን ጊዜ የሥራ ሥነ ሥርዓት ልታስተምረኝ መስሎኝ ነበር።

ክፍሉ ተመለሰልን። በመስኮቱ ሥር አጥንቼ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ አስተማሪም ሆንኩ፤ በዚያው ክፍል ተዳርኩ፤ እናቴ በዚያው ሞተች፣ ሳትጸጸት። አጎቴ እናቴ ከመሞቷ በፊት ሞቶ ነበር፤ ቀብሩ ላይ ዳቦና ወይራ ላከች፣ እሷ አልሄደችም። ዳሌንዳን ሌላ የጠየቃት የለም። በሠላሳ አራት ዓመቷ ሦስት ልጆች ላሉት የቤጃ ከተማ ሰው ተሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ የምንገናኘው ሐዘን ላይ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ስለ እሱ እዚህ አልጽፍም። ዒዳዬን በዚያው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ፣ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ ዳሌንዳ ከቤጃ መጣች። ሰባ ሊሞላት ነው፤ አሁን እሷም ባል የላትም። ሻይ ቀረበላት። ስለ ጉልበቷና ስለ አውቶብሱ አወራችኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀመጠችና፣ "ጋብቻዬ ሊጻፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ያን ማክሰኞ፣ እናትሽ ጋ ምን እንዳልኩ ነግራሽ ታውቃለች?" አለችኝ።

"አልነገረችኝም።"

"'ላላ፣ ክፍሉን አልፈልግም፣ ለአባቴ ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፣ ሼኹ አያነበውም፣ እምቢ ካለም እኔው ሐሙስ በአፌ እናገራለሁ' አልኳት። በጉልበቴ ተንበርክኬ ነው ያልኳት። እንዳይጻፍ ከሆነ የፈለገችው፣ በዚያ ቀን አገኘችው።"

"ምን አለችሽ?"

"ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው። 'አባትሽ ግድግዳውን ሲያስገነባ፣' አለችኝ፣ 'እኔ ይህ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እሰማ ነበር። እያንዳንዱን ጡብ። አባትሽም ይስማ። ሂጂ ሂናሽን ተቀቢ።'" ዳሌንዳ ፈገግ አለች፣ ወይም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ተቀባሁ። ምን ላድርግ።"

ሃምሳ ዓመት የእናቴን ድርጊት መከላከያ አድርጌ ኖሬያለሁ። ሌላ መንገድ አልነበራትም እያልኩ ለተማሪዎቼ ሳይቀር ተርኬዋለሁ። መንገድ ነበራት። በጉልበቱ ተንበርክኮ መጥቶላት ነበር።

ይቅርታ የሚል ቃል አፌ ላይ መጥቶ ቆመ። የእናቴን ዕዳ እኔ ልከፍል? አጎቴ ግድግዳ ሲያቆም የኛን ይቅርታ ጠይቆ ነበር? ብርጭቆዋን እንደገና ሞላሁላት።

ዳሌንዳ ክፍሉን ዙሪያውን አየችው፣ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ አልጋዬ ያለበትን ጫፍ። "ዛሬ አልመለስም፣" አለች። "አውቶብሱ ይደክመኛል። እዚህ አንድ ቀን ልደር፣ ዱጃ። እዚህ ክፍል ውስጥ። ፍራሽ ይበቃኛል።"

ሙሽራ ሆና ልታድርበት የነበረው ክፍል ነው፤ ምን እንደጠየቀችኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

"ከማእድ ቤቱ አጠገብ ያለውን ክፍል አስነጥፍልሻለሁ፣" አልኳት። "ሙቀትም አለው።"

ሻዩን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ቦርሳዋን አነሣች፣ "አላህ ትዕግሥቱን ይስጥሽ" ብላ በሁለቱም ጉንጬ ሳመችኝ። የአሥር ሰዓት ተኩሉ አውቶብስ ይደርስልኛል አለች። እስከ ውጭው በር ሸኘኋት ማለት አልችልም፤ ዒዳ ላይ ነበርኩ፣ ከደጃፍ አይወጣም።